ኔሮ ቫዮሊን አልነበረውም፣ ሌላም የምለው አለኝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን አላችሁ። ባለፈው እትማችሁ መዝናኛ ገጽ ላይ ስለ ድሮ የቲቪ ሳይንስ ፊክሽን የወጣውን ጽሁፍ ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ሁለተኛ ተናድጄ። ደስ ያለኝ እነዚህን ብላክ ኤንድ ዋይት ድራማዎች ቁጭ ብሎ ያየ ሌላ ሰው በማግኘቴ ነው፣ ብቻዬን የቀረሁ ይመስለኝ ነበር። ያናደደኝ ደግሞ ጸሀፊው ተጓዦቹ ወደ ጥንት ዘመን የሚሄዱባቸውን ታሪኮች በሁለት መስመር ገፍትሮ ማለፉ ነው፣ ለጠፈር መንኮራኩርና ለሮቦት በጀት ሲያጥራቸው መጋዘን ውስጥ የተረፈ የሮማ ልብስ አውጥተው የሰሩት መሙያ ነው ብሎ። ከስሩ ደግሞ ስእል አለ፣ ሮም እየነደደች ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮ ቫዮሊን ሲጫወት። ወደ ቫዮሊኑ እመለሳለሁ።

በጀቱን በተመለከተ አልከራከርም፣ እውነት አለው። ቢቢሲ የታሪክ ድራማ ሲሰራ የኖረ ቤት ስለሆነ ልብሱም ሰይፉም ባለሙያውም እጁ ላይ ነበር፣ ሌላ ፕላኔት ግን ከዜሮ መፍጠር ነው፣ ያውም በጠባብ ስቱዲዮ በካርቶንና በቀለም። ግን "ዶክተር ሁ" ፣ ዶክተር የሚባል ሰውዬ በጊዜ ውስጥ የሚጓዝበት የቢቢሲ ድራማ፣ ሲጀመር ታሪክ መሙያ አልነበረም፣ ግማሽ አካሉ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው፣ ኬኔዲ በተገደለ ማግስት፣ እና ሀሳቡን ካመነጩት ዋናው ሲድኒ ኒውማን የሚባል ካናዳዊ የቢቢሲ ድራማ ክፍል ኃላፊ ልጆች እየተዝናኑ እንዲማሩበት ነበር የፈለገው። ለዛም ነው ከሽማግሌው ዶክተርና ከልጅ ልጁ ከሱዛን ጋር የሚጓዙት ሁለት አስተማሪዎች የሆኑት፣ ባርባራ የታሪክ ኢያን የሳይንስ፣ አንዴ ወደ ኋላ ሲሄዱ የሷ ክፍለጊዜ ነው፣ ወደ ፊት ወይ ወደ ሌላ ዓለም ሲሄዱ የሱ። ኒውማን ዓይናቸው የፈጠጠ ጭራቆች እንዳላይ ብሎ ነበር አሉ። መጀመሪያ የሄዱትም ወደ ድንጋይ ዘመን ነው፣ እሳት ማንደድ የጠፋባቸው ሰዎች ጋ። ከዛ ወር ገደማ ሳይቆይ ዳሌክ የሚባሉት ብረት ለበስ ጭራቆች መጡ፣ አገር ጉድ አለ፣ ኒውማን መጀመሪያ ቢቆጣም የሚሰማው አልነበረም፣ ተመልካቹ ጭራቁን ወዷል በቃ። ፕሮዲውሰሯ ቬሪቲ ላምበርት (በጊዜው በቢቢሲ ድራማ ክፍል ብቸኛዋ ሴት ፕሮዲውሰር) ትክክል ነበረች፣ እኔም ዳሌክ እወዳለሁ። ግን የታሪኮቹ ነገር ቀስ በቀስ መክሳት የጀመረው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። "ዘ አዝቴክስ" የሚለውን ጸሀፊያችሁ አይቶት ከሆነ እንዴት መሙያ ነው እንዳለ አይገባኝም። እ.ኤ.አ. በ1964 በሜይና በጁን በአራት ክፍል የወጣ ነው፣ ስለ ድሮ ሜክሲኮ ህዝብ ስለ አዝቴኮች፣ ደራሲው ጆን ሉካሮቲ። ታርዲስ፣ ያቺ ከውጪ የፖሊስ ስልክ ሳጥን የምትመስለው የጊዜ ማሽን ማለት ነው፣ መቃብር ውስጥ ታርፋለች፣ ባርባራ ከሟቹ አጠገብ ያገኘችውን አምባር እጇ ላይ አድርጋ ትወጣለች፣ በሩ ኋላቸው ይዘጋል ከውጪም አይከፈትም፣ እና የአገሩ ሰዎች አምባሩን አይተው ያታክሳ የሚባለው የሞተ ሊቀ ካህን በሷ ተመልሶ መጣ ብለው ያመልኳታል። የታሪክ አስተማሪ ናት እንግዲህ፣ የሚመጣውን ታውቃለች። በ1519 ኮርቴዝ ይመጣል፣ ስፔኖቹ የሰው መስዋእቱን አይተው አረመኔ ብለው ያ ሁሉ ከተማ ያ ሁሉ እውቀት ድምጥማጡ ይጠፋል። እና ምን አሰበች፣ መስዋእቱን አሁን ባስቆመው፣ ጥሩው ብቻ ቢቀር፣ ሲመጡ የሚያጠፉበት ምክንያት አያገኙም። እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የማስበው፣ ማንም ቢሆን። ዶክተሩ ነው የሚያብደው፣ ታሪክን ልትለውጪ አትችይም፣ አንዲት መስመር እንኳ ይላታል። ዶክተሩን የሚጫወተው ዊልያም ሃርትኔል ያንን አረፍተነገር ሲናገር ፊቱን እዩት፣ ትእዛዝ አይመስልም፣ የሆነ ጊዜ ራሱ ሞክሮት የተቃጠለ ሰው ይመስላል (ይሄ የኔ ግምት ነው፣ ድራማው አይናገረውም)።

ከዛ የሚመጣውን ትእይንት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ድርቅ ነው፣ ለዝናብ የሚሰዋው ሰው መሰዊያው ላይ ነው፣ ባርባራ በአምላክነቷ ትከለክላለች። ሰውዬው ተርፌያለሁ ብሎ እግሯ ላይ ይወድቃል ብላችሁ ስትጠብቁ እሱ እቴ፣ ክብሩን ነው የነጠቀችው፣ ሊሞት የተዘጋጀበትን ቀን፣ ከቤተመቅደሱ አናት ላይ ራሱን ይወረውራል። ወዲያው ዝናቡ ይወርዳል! እና የመስዋእቱ ካህን ትሎቶክስል ምን ይላል፣ ይሄው ሰው ሞተ ዝናብ ዘነበ። ምን ትመልሳለህ? የሜትሮሎጂ ትምህርት አይሰራም እዛ ጋ። እሷ ትክክል ናት እሱ ተሳስቷል፣ ግን ሰማዩ ለሱ መሰከረለት። ከዛች ሰአት ጀምሮ አምላክ አይደለችም ብሎ ያሳድዳታል፣ በመጨረሻም ያሸንፋል፣ አዎ እሱ ነው የሚያሸንፈው፣ በግርዶሹ ቀን መስዋእቱ ይፈጸማል እነ ባርባራ ነፍሳቸውን ይዘው ያመልጣሉ። ያተረፈችው አንድ ሰው ነው፣ አውትሎክ የሚባለው ደጉ ካህን፣ እሱም የዳነው እምነቱን አጥቶ ንብረቱን ትቶ ብቻውን ወደ በረሃ በመውጣት ነው፣ ያ ደግሞ መዳን ይባል እንደሆነ እስካሁን ከራሴ ጋር አልተስማማሁም።

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ አንድ ጭራቅ የለም። ጭራቅ ቢኖር እኮ ቀላል ነበር፣ መስዋእቱን ያመጣው ከሌላ ፕላኔት የመጣ ደም ጠጪ ነው ይባልና እሱን ገድለው ህዝቡን ነጻ አውጥተው እየተጨበጨበላቸው ይሄዳሉ፣ አዝቴኮቹ ደግሞ የተታለሉ ምስኪኖች ሆነው ይቀራሉ። ሉካሮቲ ይሄን መውጫ አልወሰደም። ትሎቶክስልን ጨካኝ አድርጎ ነው የጻፈው፣ ጆን ሪንገም የሚባለው ተዋናይም ትንሽ አብዝቶት ይሆናል፣ ግን ካህኑ በራሱ ዓለም ውስጥ የሚለው ነገር ይገጥማል። ከሰው ጋር ነው የተጣላችው፣ ሰዎቹ ደግሞ የሚያምኑትን የሚያምኑበት የራሳቸው ምክንያት አላቸው፣ እና ከውጪ የመጣ ሰው በአንድ ሳምንት አይቀይረውም። ይሄንን ነው እኔ ጥሩ ሳይንስ ፊክሽን የምለው።

እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። አዝቴክ ሆነው የሚጫወቱት በሙሉ እንግሊዞች ናቸው፣ ቤተመቅደሱ ከጀርባው የተሳለ መጋረጃ እንደሆነ ያስታውቃል። የሚገርመው ደግሞ ዶክተሩ ራሱ፣ አንዲት መስመር አትንኩ ያለው ሰውዬ፣ የመቃብሩን በር ለመክፈት ከእንጨት መንኮራኩር ይቀርጻል፣ አዝቴኮቹ ለስራ መንኮራኩር በማይጠቀሙበት ዘመን። እሱ ሲሆን አይቆጠርም ማለት ነው? ካሜካ ከምትባለዋ ሴትዮ ጋርም የካካዎ መጠጥ አብረው ይጠጡና መታጨት መሆኑ ኋላ ነው የሚገባው፣ ሲሄድ የሰጠችውን ጌጥ ጥሎ ይወጣና ተመልሶ ኪሱ ይከተዋል። ይሄን ሁለት ሰከንድ ከብዙ የፍቅር ፊልም አስበልጠዋለሁ።

ወደ ሮም እንሂድ፣ ስእላችሁም ስላለ። "ዘ ሮማንስ" በ1965 መጀመሪያ የወጣ ነው፣ ዴኒስ ስፑነር ጻፈው፣ ኮሜዲ ነው። ዶክተሩ በመንገድ ላይ የተገደለ ስመጥር የክራር ተጫዋች ነው ተብሎ በስህተት ይያዝና ኔሮ ፊት ተጫወት ይባላል፣ መጫወት አይችልም፣ ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ዜማው እጅግ ረቂቅ ስለሆነ ጆሮ ያለው ብቻ ነው የሚሰማው ብሎ ገመዱን ሳይነካ ጣቱን ያንቀሳቅሳል፣ አዳራሹ ሙሉ መሀይም ላለመባል ያጨበጭባል። በዛው ታሪክ ውስጥ ግን ኢያንና ባርባራ ለባርነት ተሽጠዋል፣ ኢያን መርከብ ቀዛፊ ከዛም ግላዲያተር ይሆናል፣ ባርባራን ቤተመንግስት ገዝቷታል፣ እና እሷና ዶክተሩ በአንድ ኮሪደር በሰከንድ ልዩነት እየተላለፉ አይገናኙም። ሳቁና ባርነቱ አንድ ላይ ሲሆን የሚጎረብጣቸው ሰዎች አሉ፣ እኔንም ይጎረብጠኛል፣ ግን ሮምን በነጭ እብነበረድ ብቻ ከሚያሳዩት ይሻላል ባይ ነኝ። ባርባራን የገዛት ታቪየስ የሚባለው የቤተመንግስት ሰው መጨረሻ ላይ በእጁ ትንሽ መስቀል ይዞ ይታያል፣ ማንም አንድ ቃል አይናገርም፣ ካሜራው አሳይቶ ያልፋል።

እሳቱስ? የዶክተሩ መነጽር ጸሀይ ሰብስቦ ኔሮ ለአዲሷ ሮም ያስነደፈውን ፕላን ያቃጥለዋል፣ ኔሮም አሃ ይላል። ያ አትንኩ ባይ ሰውዬ ሮምን አቃጠላት ማለት ነው በተዘዋዋሪ፣ ሲነግሩት መጀመሪያ ይክዳል ከዛ በደስታ ይስቃል። በእውነተኛው ታሪክ እሳቱ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ64 በጁላይ ወር ነው፣ የሮማ ታሪክ ጸሀፊው ታሲተስ እንደጻፈው ሲጀምር ኔሮ አንቲየም የሚባል ከተማ ነበር፣ ከ14ቱ የሮም ክፍሎች አራቱ ብቻ ናቸው ሳይነኩ የቀሩት፣ ኔሮም ለተፈናቀሉት የራሱን አትክልት ቦታ ከፍቶ ነበር። እየነደደች ዘፈነ የሚባለውን ታሲተስ ወሬ ነው ብሎ ነው ያስቀመጠው። ድራማው ወሬውን መረጠ፣ ኮሜዲ ስለሆነ ይቅር እላለሁ፣ ጋዜጣ ሲሆን ግን ይከብዳል።

ትሮይን ቶሎ ልለፈው። በ1965 "ዘ ሚዝ ሜከርስ" ላይ የእንጨት ፈረሱን ሀሳብ ለግሪኮቹ የሚሰጠው ዶክተሩ ነው፣ ያውም መጀመሪያ ሆሜር የፈጠረው የማይሆን ወሬ ነው ብሎ አጣጥሎት ሲያበቃ ሌላ መላ ሲያጣ። አሜሪካኖቹም "ዘ ታይም ተነል" ብለው በ1966 እና 67 ሰላሳ ክፍል ሰርተዋል፣ ሁለት ሳይንቲስቶች ከአሪዞና በረሃ ስር ተነስተው ትሮይም ኢያሪኮም ይገባሉ፣ ጦርነቱ ሰፊ ይመስላል ምክንያቱም ከድሮ ትላልቅ ፊልሞች ተቆርጦ የገባ ምስል ነው። ለአይን ጥሩ ነው። ግን እነዛ ሁለቱ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ሲወረወሩ ለማሰብ ጊዜ የላቸውም፣ ይሮጣሉ ይደባደባሉ ይጠፋሉ።

ቋንቋውን በተመለከተ ጸሀፊያችሁ ያነሳው ቀልድ፣ ሁሉም ጥንታዊ ሰው እንግሊዝኛ ይናገራል ያለው፣ ልክ ነው ያስቃል። ይሄን ራሱ ቀልድ ያደረጉት ዶክተር ሁ ላይ በ2008 በፖምፔዩ ታሪክ ነው፣ ማሽኑ ይተረጉማል፣ ያኔ ከዶክተሩ ጋር የምትጓዘው ዶና ሆን ብላ ላቲን ስትናገር ግን ነጋዴው ኬልትኛ አልችልም ይላታል። ስታር ትሬክ ላይ ደግሞ በ1968 "ብሬድ ኤንድ ሰርከስስ" የሚል ክፍል አለ፣ ሮም ሳትወድቅ እስከ 20ኛው ክፍለዘመን የቀጠለችበት ፕላኔት፣ ግላዲያተሮች በቲቪ በቀጥታ ስርጭት ይጋደላሉ። እዛ ተሸሽገው የሚኖሩ ጸሀይ አምላኪዎች አሉ፣ መጨረሻ ላይ ከጠፈርተኞቹ አንዷ ኡሁራ የሚያመልኩት ጸሀይን ሳይሆን ወልድን መሆኑን ትገልጻለች፣ በእንግሊዝኛ ጸሀይና ወንድ ልጅ ድምጻቸው አንድ ስለሆነ። በአማርኛ ለሰው ላስረዳ ብዬ ስንት ጊዜ ተሸንፌያለሁ፣ ጸሀይና ወልድ ምን አገናኛቸው ይሉኛል። እና ያ ፕላኔት ላይ እንግሊዝኛ ባይናገሩ ታሪኩ ሙሉ በሙሉ ይፈርሳል ማለት ነው፣ ስለዚህ እዛ ላይ ቀልዱ አይሰራም።

ከፖምፔይ አልወጣሁም፣ ግን በፊት ሌላ ልበል። በ1965 የዶክተር ሁ "ዘ ታይም ሜድለር" የመጣ ጊዜ ነው ነገሩ የተቀየረው። ዘመኑ 1066 ነው፣ ከገዳም የመነኮሳት ዜማ ይሰማል፣ ዶክተሩ ገብቶ ሲያይ ሸክላ ማጫወቻ ነው! መነኩሴ የመሰለው ሰውዬ የራሱ ታርዲስ አለው፣ የቫይኪንጎቹን መርከቦች በአቶሚክ መድፍ ደምስሶ የእንግሊዙ ንጉስ ሃሮልድ ሳይደክም በእውነት የተሸነፈበት የሄስቲንግስ ጦርነት ላይ እንዲያሸንፍ ሊያደርግ ነው። ቆንጆ ታሪክ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ግን ከዛ ወዲህ ታሪክ ማለት ሌላ ባእድ ፍጡር የሚደበቅበት መጋረጃ እየሆነ ሄደ። ያለ ምንም ባእድ የተሰራው በ1966 መጨረሻና በ67 መጀመሪያ "ዘ ሃይላንደርስ" ላይ አበቃ፣ ከዛ እስከ 1982 ድረስ አንድ እንኳ የለም።

የፖምፔዩን ለይቼ የማነሳው ጥያቄው የባርባራ ጥያቄ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪየስ ሊፈነዳ አንድ ቀን ሲቀረው ይደርሳሉ፣ ዶና እናስጠንቅቃቸው ትላለች፣ ዶክተሩ አይሆንም ይላል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው እንኳ፣ አንድ ቤተሰብ ብላ ስታለቅስ ይመለሳል። ካኬሊየስ የሚባለውን ሰውና ቤተሰቡን ያወጣቸዋል። ይሄ ሰው ደግሞ ከእውነተኛ ሰው የተወሰደ ነው፣ ሉክየስ ካኬሊየስ ዩኩንዱስ የሚባል የፖምፔይ ገንዘብ ያዥ ነበር፣ የሂሳብ ሰነዶቹ በሰም ሰሌዳ ላይ ተጽፈው በ1875 ቤቱ ውስጥ ተገኝተዋል፣ ሰነዶቹ እ.ኤ.አ. 62 ላይ ስለሚያቆሙ ብዙዎች በዛ ዓመት በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሞቶ ይሆናል ይላሉ፣ ማለትም እሳተ ገሞራው ሳይደርስ 17 ዓመት ቀድሞ። እና ዶናና ዶክተሩ ሲጨቃጨቁ እኔ ጉሮሮዬ ይታነቃል፣ ግን ለምንድነው ተራራው ስር ከእሳት የተሰሩ ፍጡራን የሚኖሩት? ቬሱቪየስ አይበቃም? በሺህ የሚቆጠር ህዝብ አመድ ስር ሊቀበር ነው፣ ከዛ በላይ ምን አስፈሪ ነገር ፈልገው ነው? ፍጡራኑን አውጥታችሁ ብታዩት ያ ታሪክ አንድ ትእይንት አይጎድልበትም፣ እንደውም ዶክተሩ ከተማዋን ካላጠፋሁ ዓለም ይጠፋል የሚል ሰበብ ያጣል፣ ዝም ብሎ ታሪክ ስለሆነ ብቻ ነው የሚተዋቸው፣ እሱ ደግሞ ይብሳል፣ ይከብዳል፣ ባርባራ ፊት የቆመው ሽማግሌ ያለ ሰበብ ነው እምቢ ያለው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጸሀፊያችሁ ጭራሽ ስላላነሳው። እነዚህን ታሪኮች ማነጻጸር የማይቻለው ብዙዎቹ ስለሌሉ ነው። ቢቢሲ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ ቴፕ ውድ ስለነበር፣ ደግሞም ደጋግሞ ማሳየት በተዋናዮቹ ውል የተገደበ ስለነበር፣ ቅጂዎቹን አጥፍቶ በላዩ ሌላ ቀድቶበታል። ከ90 በላይ የዶክተር ሁ ክፍሎች እስካሁን የሉም። "ማርኮ ፖሎ" ሰባቱም ክፍል ጠፍቷል፣ ይሄው የሉካሮቲ የመጀመሪያ የዶክተር ሁ ስራ፣ በ1289 ከማርኮ ፖሎ ካራቫን ጋር ወደ ኩብላይ ካን የሚጓዙበት፣ "ዘ ሚዝ ሜከርስ"ም እንደዛው። ሙሉ ሆኖ የቀረው ድምጹ ብቻ ነው፣ እሱም አድናቂዎች ከቲቪው በቴፕ ሪከርደር ስለቀዱት። በ2013 በኦክቶበር አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ከ100 በላይ የጠፉ ክፍሎች ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኙ ብሎ ጻፈ፣ አንብቤ ከወንበሬ ተነስቻለሁ ማርኮ ፖሎ መጣ ብዬ፣ ከቀናት በኋላ ሲታወጅ የተገኙት ዘጠኝ ናቸው፣ የተገኙትም ናይጄሪያ ጆስ ከተማ ውስጥ፣ ከነሱ ውስጥ ደግሞ አንድም የጥንት ታሪክ የለም። ናይጄሪያ አንጀቴን አራሰችው ማለት ባልችልም ቢያንስ ዘጠኝ ተገኘ።

ስለዚህ መሙያ ነው የምትሉትን ስራ ግማሹን ማንም ለአስርት ዓመታት አላየውም፣ ጸሀፊያችሁም አላየውም፣ እኔም በድምጽ ነው የሰማሁት፣ ጋቢ ለብሼ መብራት አጥፍቼ አንድ ሰው ካራቫን ውስጥ ስለ ነፋሱ ሲያወራ።

የዘወትር አንባቢያችሁ

ማሳሰቢያ፦ ቫዮሊን የመጣው ኔሮ ከሞተ ከ1,400 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እሱ የሚጫወተው ኪታራ የሚባል ክራር መሳይ ነገር ነበር። እርማት ለማውጣት ቦታ ከሌላችሁ ስእሉን ደግማችሁ ስትጠቀሙበት ብቻ ክራር አስይዙት።